የማትገለበጠዋ ብሪካ

ትናንት ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ የተቀበለኝ የነሐስ መወልወያ ሽታ ነው። ቁልፌን ልሰቅል እጄን ስዘረጋ፣ ሚስማሯ ላይ የምትንጠለጠለው ክብ ነሐስ ቀይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ቢጫው ጀርባዋ እንደ አዲስ ሳንቲም ያብለጨልጫል። የአንቺ ሥራ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ቤት አጽድተሽ ልታስደስቺኝ ነው፤ ይሄ ደግሞ በዓመት አንዴ የሚመጣ ነገር ስለሆነ ተመስገን ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ "ማነው የነካት?" ብዬ ጮኽኩብሽ። ከክፍልሽ ብቅ ብለሽ በስዊድንኛ "አንዲት ብሪካ እኮ ናት፣ ማማ" አልሽኝ። እውነትሽን ነው። ቲያትር ቤት ካፖርት ሲያስቀምጡ ከሚሰጡት ቁጥር የማትበልጥ አንዲት ብሪካ ናት።

ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ስለ ውትድርና አገልግሎት የመጣልሽን ደብዳቤ አይቻለሁ። መልሱን ላፕቶፕሽ ላይ ሞልተሽ፣ ሳትልኪው ክፍት ትተሽዋል። የት ማገልገል ትፈልጊያለሽ ለሚለው "ባሕር ኃይል" ብለሻል። ሁለቱን በአንድ ቀን ማየቴ ነው ያስጮኸኝ። ስለዚህ እኔ በአማርኛ ልንገርሽ፣ አንቺ እንደልማድሽ በስዊድንኛ ተቆጪኝ።

ያኔ እኔም እንዳንቺ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴ እኔ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ስላረፈች፣ ሃግሴትራ በሚባል ሠፈር ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከአባቴ ጋር ብቻችንን ነበር የምንኖረው። አባቴ ቱነልባና፣ የምድር ውስጥ ባቡር ላይ፣ ይሠራ ነበር። ባቡሩ የመጨረሻው ጣቢያ ሲደርስ፣ እንቅልፍ የጣለው ሰው እንዳይቀር ፉርጎዎቹን እየዞረ ያያል። ሌሎቹ በመስኮት ገረፍ አድርገው ያልፋሉ፤ እሱ ግን ወንበር ለወንበር ነበር የሚሄደው። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የመጨረሻው እሱ ነው። ሰው ቤት ተጠርተን ስንመለስ ደረጃው ላይ ቆሞ በጣቱ ይቆጥረናል፤ እኔና እሱ ብቻ ሆነን እንኳ ይቆጥራል። እኔ የሥራ አመል ይመስለኝ ነበር። ከጓደኛዬ ጋር ሆነን ጣቱን እያስመሰልን እንስቅበት ነበር።

በወጣትነቱ ምጽዋ የባሕር ኃይል ባልደረባ እንደነበር አውቃለሁ። ከዚያ ያለፈ አልነገረኝም። የባሕር ወሬ ሲነሳ የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። በጋ ላይ ሐበሻው ሁሉ ሐይቅ ዳር ወጥቶ ሥጋ ሲጠብስ፣ አባቴ ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው።

ጓደኛዬ ኖርስቦሪ ሠፈር ነበር የምትኖረው። በእሁድ ትምህርት ቤት ተዋውቀን እንደ እህትማማች ሆነን ነበር። ያን ቦታ ያገኘችው እሷ ናት። ከእነሱ ቤት በአውቶቡስ ጥቂት ሄድ ብሎ፣ ሐይቁ ዳር፣ አለት ላይ የቆመ ቀይ የጡብ ሕንፃ ነበር። የባሕር ኃይል ተጠባባቂዎች ማሠልጠኛ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለወጣቶች ይከፈታል። ጀልባው፣ ዩኒፎርሙ፣ ምሳው ሁሉም በነፃ። ሕንፃው ከተሠራ ጀምሮ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም፤ እነሱ ግን መርከብ ነው ይላሉ። ወለሉን የመርከብ ወለል በሚጠሩበት ስም ዴክ ይሉታል። ግቢው መሀል አለቱ ተበስቶ እውነተኛ የመርከብ ምሰሶ ተተክሏል፤ ነፋስ ሲነፍስ ገመዱ ምሰሶውን ቀስ እያለ ይመታል፣ ድምፁ ሰው በር የሚያንኳኳ ይመስላል። በበሩ ስትወጪ "ሄድኩ" አይባልም። "ወደ የብስ ልውረድ" ብለሽ ታስፈቅጃለሽ፤ የቆምሽው ግን ሲጀመርም የብስ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቀን ከጓደኛዬ ጋር ሳቃችን እንዳያመልጠን ከንፈራችንን ነክሰን ነበር የቆምነው።

ለመመዝገብ የወላጅ ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ብላንኬቱን፣ የመመዝገቢያ ቅጹን፣ ለአባቴ ስሰጠው አንብቦ አስቀመጠው፣ እንደገና አነሳው።

"ሰሌዳ አላቸው?" አለኝ።

"የምን ሰሌዳ?"

"በሩ አጠገብ። ቁጥር የሚንጠለጠልበት።"

አላውቅም አልኩት። እስክሪብቶውን ይዞ ብዙ ቆየ። ከዚያ ፈረመና ወረቀቱን ሳይሰጠኝ በእጁ እንደያዘ "ካላቸው አደራሽን፣ የራስሽን ብቻ ንኪ" አለኝ። እኔ ፊርማውን ስለፈለግሁ እሺ እሺ አልኩ።

ሰሌዳ ነበራቸው። መግቢያው ላይ፣ ከመስኮቱ ትይዩ፣ ሚስማር በረድፍ የተመታበት ጥቁር እንጨት። ለእያንዳንዳችን ቁጥር የተቀረጸባት ክብ የነሐስ ብሪካ ተሰጠን፤ አንድ ፊቷ ቀይ ነው፣ ሌላው ፊቷ ባዶ ነሐስ። ስትገቢ ቀዩን ታዞሪያለሽ፤ ግቢው ውስጥ ወይም ውሃው ላይ ነኝ ማለት ነው። ስትወጪ ነሐሱን። አሠልጣኙ ሊዘጋ ሲል የሚያየው ሰሌዳውን ብቻ ነው። አንዲት ቀይ ካለች በሩ አይዘጋም፣ ፍለጋ ይጀመራል። የራሱን ሳይገለብጥ የሄደ ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ ዴኩን ብቻውን ይፈገፍጋል። የሌላ ሰው ብሪካ መንካት ደግሞ ክልክል ነው።

በሰሌዳው ታችኛ ረድፍ መጨረሻ ላይ ቀለሟ የጠቆረ፣ ቁጥሯ የማይነበብ አንዲት ብሪካ ነበረች። ሁልጊዜም ቀይ ናት። የማን እንደሆነች የነገሩን የሕንፃው ጠባቂ ናቸው፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ሲናገሩ ሰው ሳይሆን መስኮቱን የሚያዩ ሰው። በዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ይቺ አገር ሳትዋጋ በር በሩን ስትጠብቅ፣ የሠፈሩ ዓሣ አጥማጆችና የጀልባ ሠራተኞች እዚህ ይሠለጥኑ ነበር። አንድ መኸር ላይ ስድስት ሰዎች በቀዘፋ ጀልባ ጉም ውስጥ ገቡ። ስድስት ቀይ ብሪካ ሰሌዳው ላይ ቀረ። አምስቱን በረዶው ሲቀልጥ አገኟቸው። የስድስተኛው እናት በየሳምንቱ እየመጣች በዚያ መስኮት ሰሌዳውን ታይ ነበር፤ እሷ ስትሞት ሴት ልጇ ተካቻት። "እሱ መጥቶ ካልገለበጣት ማንም አይገለብጣትም" አሉን ጠባቂው። ጓደኛዬ ጆሮዬ ላይ "መጥቶ ቢገለብጣትስ?" አለችኝ። ሳቅሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን በዚያ ሰሌዳ ፊት ሳልፍ ወደ ታችኛው ረድፍ ላለማየት እጠነቀቅ ነበር።

ጓደኛዬ ረሺ ናት። ስልኳን ቻርጅ ማድረግ ትረሳለች፣ ጓንቷን ትረሳለች፣ ብሪካዋን ትረሳለች። በዚያ መኸር ሁለት ቅዳሜ ዴክ ፈግፍጋለች። ሁለተኛው ቀን እጇ በሳሙና ተልጦ ስታሳየኝ አንጀቴን በላችው።

ነገሩ የሆነው በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ነው። ከምሳ በኋላ ጉም ወረደ። ሐይቁ ጠፋ፤ ጀልባ የሚታሰርበት የእንጨት ድልድይ ግማሹ ብቻ ነበር የሚታየው፣ ሌላው ግማሽ ነጭ ነገር ውስጥ ይገባል። አሠልጣኙ ቀዘፋውን አቋረጠና መቅዘፊያዎቹን ወደ መጋዘን አስገብተን እንድንሄድ አዘዘን። እኔ መጋዘን ውስጥ የመንሳፈፊያ ጃኬት ስሰቅል ቆየሁ። ስመለስ መግቢያው ባዶ ነበር። የጓደኛዬ ካፖርት ከመስቀያው የለም። ቦርሳዋም የለም። ብሪካዋ ግን ቀይ ናት።

ደግማ ረሳችው አልኩ። አውቶቡሱ እንዳያመልጣት ሮጣለች፣ ልትፈገፍግ ነው። የአባቴ አደራ ትዝ አላለኝም አልልሽም፤ ትዝ ብሎኛል። ግን እኛ እንዲህ ነን አይደል? ከክፍል የቀረ ጓደኛችንን "አቤት" ብለን እንሸፍናለን፣ የጎረቤት ፖስታ እንፈርማለን፣ ያላየነውን ሰው "አሁን ወጣ" እንላለን፤ ደግነት ይመስለናል። እጄን ዘረጋሁና ገለበጥኩላት። ነሐሱ ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ የራሴን ገልብጬ፣ ወደ የብስ ልውረድ ብዬ አስፈቅጄ ወጣሁ። አውቶቡሱ ላይ ፈለግኋት፣ የለችም። ከእኔ በፊት ያለውን ይዛ ነው ብዬ ቱነልባናው ውስጥ ገባሁ፣ እንቅልፍም ወሰደኝ።

ቤት ስደርስ እየመሸ ነበር። አባቴ ከሥራ ገብቶ ምስር እየለቀመ ነበር። "ጓደኛሽ ደኅና ናት?" አለኝ።

"ቀድማኝ ሄዳለች። ብሪካዋን ረስታ፣ እኔ ነኝ የገለበጥኩላት።"

እጁ ትሪው ላይ ቆመ።

"ስትሄድ አይተሻታል?"

"ካፖርቷ የለም።"

"በዓይንሽ ነው የምልሽ።"

"አላየኋትም" አልኩ። አባቴ ሲነሳ ትሪው ወደቀ፤ ምስሩ ወጥ ቤቱን ሞላው። ወደ ጓደኛዬ እናት ደወለ። ድምፃቸው ከስልኩ ወጥቶ እስከ እኔ ይሰማ ነበር። "እንዴ ጋሼ፣ ከልጅህ ጋር አይደለችም እንዴ?" አሉ። ከሕንፃው እስከ ቤታቸው በአውቶቡስ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከተለያየን ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኗል። አባቴ ወደ ድንገተኛ አደጋ ደወለ። በዚያ በተሰባበረ ስዊድንኛው፣ ያለምንም መንተባተብ፣ ሐይቁ ላይ ሰው አለ አላቸው። ከየት አወቅህ ሳይሉት አልቀረም። "ሰሌዳው ዋሽቷል" ሲል ሰማሁት።

መኪናችን ውስጥ ማሞቂያው አይሠራም ነበር። መስታወቱን በእጅጌዬ እየጠረግሁለት ሄድን። ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል መናገር ጀመረ። ምጽዋ ወደብ ላይ በነበሩበት ማሠልጠኛ እነሱም ሰሌዳ ነበራቸው። በመጨረሻው ቀን፣ ከተማው በጦርነት ሲናወጥ፣ ወደ መርከብ የሚሄድ ሁሉ ቁጥሩን እየገለበጠ ይወጣ ነበር። አልጋቸው ጎን ለጎን የሆነ ጓደኛ ነበረው። አልጋው ባዶ፣ ሻንጣው የለም፣ ቁጥሩ ግን አልተገለበጠም። "ቀድሞኝ ወጥቷል አልኩና ገለበጥኩለት" አለ። መኮንኑ መጥቶ ሰሌዳውን አየ፣ ማንም አልቀረም አለ፣ የመርከቡ ገመድ ተፈታ። አባቴ መርከቡን ከላይ እስከ ታች ዞሮ ፈለገው። የለም። ወደቡ ሲርቅ አንድ ሰው ሻንጣ ይዞ ከማሠልጠኛው በር ሲወጣ አየሁ አለ። እሱ ይሁን ሌላ ሰው አላወቀም። ምን እንደሆነም የነገረው የለም።

"እኔ ባልነካው ኖሮ ይቆዩለት ነበር" አለኝ። እኔ ጉልበቴን አቅፌ ቁጭ አልኩ። ሃያ አንድ ዓመት አልፎታል፣ እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

ስንደርስ መብራቶች ነበሩ፣ ሰዎችም ነበሩ፣ ሐይቁ ግን አልነበረም። አሠልጣኙ ያለ ኮፍያ ቆሞ "ሁሉም ነሐስ ነበር፣ ሁሉም ነሐስ ነበር" ይላል። ከድልድዩ ጫፍ አንድ ጀልባ ጎድላለች። ምሰሶው ላይ ገመዱ ያንኳኳል። የጓደኛዬ እናት ነጠላቸውን አገልድመው ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል፤ አላለቀሱም፣ እኔን ብቻ ያዩኛል። አባቴ፣ ያ ጀርባውን ለውሃ የሚሰጠው ሰው፣ እስከ ድልድዩ ጫፍ ሄደ። ጣቱን ልሶ ወደ ላይ አነሳ። ከዚያ ለነፍስ አድን ሠራተኞቹ በእጁ አሳያቸው፤ መቅዘፊያ ከሌላት ነፋሱ የሚወስዳት ወደዚያ ወደ ሸምበቆው ነው። የሞተር ጀልባቸው ሲርቅ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ስሟን ተጣራ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼው የማላውቀው ረጅም ድምፅ ነው። ከጠራ በኋላ ይቆማል፣ ጆሮውን ያዞራል፣ ይቆጥራል፣ እንደገና ይጠራል። ስንት ጊዜ እንደጠራ አላውቅም። በመጨረሻ ከጉሙ ውስጥ የሆነ ነገር መለሰ፤ እኔ ወፍ መሰለኝ፣ እሱ ግን ተንበረከከ።

በሕይወት አገኟት። ጀልባዋ በደንብ ሳትታሰር መቅረቷን ስታይ ካፖርቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ ልታስራት ተመልሳ ነበር። ጀልባዋ ስትንሸራተት ዘልላ ገባች፤ ግማሽ አካሏ ውሃ ነክቶታል፣ መቅዘፊያዎቹ መጋዘን ናቸው፣ ስልኳ እንደልማዱ ሞቷል። በማግሥቱ ሆስፒታል አጠገቧ ተቀምጬ፣ እናቷ ባሉበት፣ ብሪካዋን የገለበጥኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። እሷም የሆነውን ነገረችኝ። መጀመሪያ አልፈራችም ነበር። የሕንፃው መብራት በጉሙ ውስጥ ይታያታል፤ አሁን መጋዘኑን ይዘጋሉ፣ አሁን አሠልጣኙ ሰሌዳው ጋ ደረሰ፣ አሁን ቀይዋን አየ፣ እያለች በልቧ ትከተላቸው ነበር። ያን ቀን ብሪካዋን አልረሳችም፤ ስላልወጣች ነው ያልገለበጠችው። ቀይ መሆኗን እያሰበች ተመስገን ስትል መብራቱ ጠፋ።

"ስሄድ አላየሽኝም" አለችኝ። "ታዲያ ማን ሄዳለች አለሽ?"

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከዚያ በኋላ ሰው መሀል ሰላምታ ተለዋውጠናል፣ አንድ ጊዜም ሠርግ ላይ አንድ ጠረጴዛ ደርሶን ነበር፤ ጓደኛዬ ግን አልተመለሰችም። እናቷ በየፋሲካው ለአባቴ ዶሮ ወጥ በሳህን ይልኩለት ነበር፣ እስኪሞት ድረስ። ስለ እኔ ጠይቀው አያውቁም። አልፈርድባቸውም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴ አብሮኝ ሄደ። የገለበጥኩት እኔ ነኝ ስል አሠልጣኙ አልተቆጣኝም፤ ብሪካዬን ከሚስማሩ አውርዶ መሳቢያ ውስጥ ከተታት። አባቴ ሰሌዳው ፊት ቆሞ የታችኛውን ረድፍ ብዙ ሲያይ ቆየ። ከዚያ አሠልጣኙን ያልተቀረጸባት ብሪካ እንዲሰጠው ጠየቀው። ቬሊንግቢ ሠፈር ቁልፍ የሚቀርጽ ሰውዬ ጋ ወስዶ የዚያን የወደብ ጓደኛውን ቁጥር አስቀረጸባት። ሰውዬው "የየትኛው በር ነው?" ቢለው "የሰው ነው" አለው። ማታ ወጥ ቤት ተቀምጦ በእኔ የጥፍር ቀለም አንድ ፊቷን ቀይ ቀባ። በሩ አጠገብ ሰቀላት። እንዳትነኪ አላለኝም፤ አላስፈለገውም።

ሆስፒታል ተኝቶ በመጨረሻዎቹ ቀናት፣ ቋንቋው ሁሉ ሲደበላለቅበት፣ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። "ቀይ ናት?" ይለኛል። "ቀይ ናት፣ አባዬ" እለዋለሁ። ዓይኑን ይከድናል። በመጨረሻው ቀን ጣቱን አንስቶ ነርሷን፣ እኔን፣ አንቺን ቆጠረን፤ አንቺ ትንሽ ነበርሽ፣ ጨዋታ መስሎሽ አብረሽው ቆጠርሽ።

ያ ሕንፃ ብዙ ዓመት ተዘግቶ ነበር። ዘንድሮ ዘመኑ ከፋ ተብሎ ተከፍቷል አሉ። ባለፈው እሁድ ሄጄ አየሁት፤ ምሰሶው አዲስ ተቀብቷል፣ ገመዱ ያንኳኳል። በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየሁ፤ ሰሌዳው እዚያው ነው፣ ብሪካዎቹም ተደርድረዋል። ታችኛውን ረድፍ ሳላይ ተመለስኩ።

ዛሬ ጠዋት አንቺ ሳትነሺ የጥፍር ቀለም አውጥቼ፣ መወልወያሽ የላጠውን ዳሯን ሞላሁና ቀይ ፊቷን አዞርኳት። ስለጮኽኩብሽ ይቅርታ። መልስሽን ላኪው፤ እኔም የአባቴን ፊርማ ወስጃለሁና አልከለክልሽም። ከእሷ ጎን ሌላ ሚስማር መትቼ፣ አንድ ፊቷን ቀይ የቀባኋት አዲስ ብሪካ ሰቅያለሁ፤ ያንቺ ናት። ስትሄጂ፣ ውሃ ላይ ነኝ ብለሽ፣ ቀዩን አንቺው አዙሪው፣ ስትመለሺም አንቺው ገልብጪያት። ካፖርትሽን መስቀያው ላይ ባየው፣ ድምፅሽን ከክፍልሽ ብሰማው እንኳ እኔ አልነካትም። መጥተሽ በእጅሽ እስክትገለብጪያት በሩ አጠገብ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።